የብልቃጥ ሰባት ባለቤት

ጥቅምት 3

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምታዬ ከስድስት ብልቃጥ አሜባ ጋር ይድረስሽ። ሳጥኑን ስትከፍቺ እባክሽ ደብዳቤውን አስቀድመሽ አውጪ። ባለፈው አንዱ ብልቃጥ አንጠባጥቦ «ውድ» የሚለውን ቃል እንዳጠፋው ጽፈሽልኛል። በዚህኛው ላይ አልደገምኩትም፤ ሰው አንዴ ከተወደደ በየወሩ ማደስ አያስፈልግም።

ጥያቄዎችሽን በተራ እመልሳለሁ።

መጀመሪያ ስለ ምግባቸው ነው የጠየቅሽው። ለውጥ የለም። በየሁለት ቀኑ ወደ አዲስ ብልቃጥ አዛውራቸዋለሁ፣ የሩዝ ዱቄት እበትንላቸዋለሁ፣ ማሞቂያውን ሳጥን በሰው ገላ ሙቀት ልክ አድርጌ እዘጋባቸዋለሁ። እናትሽ «እኔን እህቱን እንደዚህ ተንከባክቦኝ አያውቅም» ትላለች። እውነቷን ነው፤ እሷ ግን በሁለት ቀን አትሞትም።

ሁለተኛ፣ የላቦራቶሪ ኃላፊዋ እንዴት ናት ብለሻል። ደህና ሰው ናት። በገባች በሳምንቷ በየበሩ ላይ «እጅዎን ታጥበዋል?» የሚል ወረቀት ስለለጠፈች ሳሙና ብለን እንጠራታለን። ታውቃለች፤ አትቆጣም፤ ትታጠባለች። ሠላሳ ስምንት ዓመት የሰው ሰገራ መርምሬ ጡረታ በወጣሁ በአራተኛው ቀን ተመልሼ ስመጣ «ምን ረስተው ነው?» አለችኝ። «አሜባዎቼን» አልኳት። በመስኮቱ በኩል ያለችውን ጥግና አሮጌውን ማይክሮስኮፕ ተወችልኝ።

ሦስተኛ፣ የዛሬ ሦስት ዓመት ከአሥር ሕመምተኞች ናሙና ወስደን ሰባተኛው ብልቃጥ፣ የሹፌሩ፣ ብቻ እንደበቀለ ታስታውሻለሽ፤ ያኔ የላክሁልሽ ሁሉ የእሱ ልጅ ነበር። ታዲያ የብልቃጡ ወረቀት ላይ ድሮ «ሰባት፣ ሹፌሩ» ይል የነበረው አሁን «ሰባት» ብቻ የሚለው ለምንድን ነው ብለሻል። ወረቀቷ ጠባብ ናት።

አራተኛው ስለ ጤናዬ ነው። ገጹ እያለቀብኝ ስለሆነ እዚህ ላይ ላቁም።

መርማሪው፦ አጎትሽ

ተጨማሪ፦ ስልክ ለምን አያነሱም ላልሽው፣ ስልክ ላይ ሰው ያላየውንም ያወራል። ላቦራቶሪ ውስጥ ያላየሁትን ጽፌ አላውቅም፤ በስተርጅና አልጀምርም። ደግሞ ብልቃጥ በስልክ አይላክም፤ ሳጥኑ ከሄደ አይቀር ደብዳቤውም አብሮ ይሂድ። ሌላው፣ አንቺ ራይቦሶም ራይቦሶም ትያለሽ። እኔ አሜባ ውስጥ ስንት ነገር አይቻለሁ፤ ይህን የምትይውን ግን አንድም ቀን አላየሁትም። ወይ ዓይኔ ደክሟል፣ ወይ እናንተ ታበዙታላችሁ። እስቲ አስረጂኝ።


ጥቅምት 27

ለጋሼ፣

እንዴት ነዎት? ይህ ጥያቄ ነው፤ መልስ ይፈልጋል። «ገጹ እያለቀብኝ ነው» ካሉ በኋላ ስለ ስልክ ግማሽ ገጽ መጻፍዎን አይቻለሁ።

ስድስቱም በሰላም ገብተዋል፤ አመሰግናለሁ። ትኩስ ነገር ሁልጊዜ ይሻላል።

አሁን ወደ ራይቦሶም። እርስዎ ያላዩት ዓይንዎ ስለደከመ አይደለም። አንዲት አሜባ ውስጥ በብዙ ሺህ የሚቆጠር አለ፤ በእርስዎ ማይክሮስኮፕ አቧራ እንኳ ሆኖ አይታይም። እኛ አሜባውን ሰባብረን ራይቦሶሞቹን እንለቅማለን፣ በቅጽበት እናቀዘቅዛቸዋለን፣ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ መቶ ሺህ ፎቶ እናነሳለን። ከዚያ ኮምፒውተሩ ፎቶዎቹን ደራርቦ አንድ ጥርት ያለ ቅርጽ ያወጣል። ሦስት ዓመት ፈጀብኝ፤ ባለፈው ሳምንት ወጣ! አንድ ቅጂ በፖስታው ውስጥ አለልዎት።

ሥራውን ለመረዳት ልብስ ስፌት ቤት ያስቡ። ሁለት ሰዎች ተጣብቀው ተቀምጠዋል፤ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ትልቅ። ትንሹ የልኩን ወረቀት ያነባል፣ ትልቁ ይሰፋል። የሚሰፋው ልብስ ፕሮቲን ይባላል። እርስዎም፣ እኔም፣ አሜባውም ያለዚህ ስፌት ቤት አንድ ቀን አናድርም። የአሜባው ግን ከእኛ በመጠኑ ይለያል፤ አንዳንድ ቦታ ጉብ ብሏል፣ አንዳንድ ቦታ ጎድሏል። እኔ ወጣትነቴን ፈጅቼ የሳልኩት ይህንን ጉብታና ጉድለት ነው።

ፓሮሞማይሲን የሚባለው መድኃኒት፣ ያ አንጀት ውስጥ የቀረውን አሜባ የሚጠርገው፣ ሄዶ ከትንሹ ሰውዬ ዓይን ሥር ቁጭ ይላል። ሰውዬው ማንበቡን አያቆምም፤ አሳስቶ ያነባል። ትልቁም የተነበበለትን ይሰፋል። ቤቱ ሦስት እጅጌ ባለው ሱሪ ይሞላል፤ ከዚያ ይዘጋል። የዶክትሬት ጽሑፌ ባጭሩ ይኸው ነው።

አሁን ደስ የማይለው። ራይቦሶሙ የተጻፈበትን የዘር ፊደላት አንድ በአንድ ስናነብ፣ ከሦስት ዓመት በፊት ከሹፌሩ ከተወሰደው ጋር በአራት ቦታ አልገጠመም። አንደኛዋ ፊደል ደግሞ ልክ መድኃኒቱ የሚቀመጥበት አጠገብ ናት። ምርምሩን የምትመራው አለቃዬ ሁለት ጊዜ አነበበችውና «ይህ ሌላ ሰው ነው» አለች። ሹፌሩ «ከሆዴ የወጣው ለምርምር ይዋል» ብሎ ፈርሟል፤ ግን የፈረመው ስለ ራሱ ሆድ ነው። የትክክለኛው ባለቤት ፊርማ ከሌለ ጽሑፌን በግንቦት ማቅረብ አልችልም። ሦስት ዓመቴን አፈር በላው ማለት ነው።

ጋሼ፣ የብልቃጥ ሰባት ባለቤት ማነው?

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 14

ለእህቴ ልጅ፣

ስለ ስዕሉ እንኳን ደስ ያለሽ። ከማይክሮስኮፔ በላይ ግድግዳው ላይ ለጥፌዋለሁ። ሳሙና አየችውና «አበባ ጎመን ነው?» አለች። ከዚያ ጀምሮ ለሚመጣው ሁሉ ስለ ስፌት ቤቱ አስረዳለሁ። ትናንት አንዲት ሴትዮ የደም ውጤት ልትወስድ መጥታ ሃያ ደቂቃ አዳመጠችኝ፤ ለካ ወረፋው የት እንደሆነ ልትጠይቀኝ ነበር።

ስለ ብልቃጥ ሰባት ባለቤት ያነሳሽው ጥሩ ጥያቄ ነው። ጥሩ ጥያቄ በችኮላ አይመለስም።

ሹፌሩን ፈልጌው ነበር፤ ከተማ ለቋል አሉኝ። አሜባም ብዙ ከኖረ ጠባዩ ይለወጣል ይባላል። ይባላል ነው ያልኩሽ፤ አይቻለሁ አላልኩም።

ከነገሩ ጋር አይገናኝም እንጂ፣ ካቻምና ሐምሌ እዚህ መብራት ሁለት ቀን ሙሉ ጠፍቶ ነበር። ለምን አሁን ትዝ እንዳለኝ አላውቅም።

የመስኮቱ መጋረጃ ተቀይሯል፤ አረንጓዴ ነው። ማይክሮስኮፑ የግራ ዓይኑ ላልቶ ነበር፤ በክር አሰርኩት። እናትሽ ደህና ናት። እዚህ ሳጥን ውስጥ የታሸገ ወረቀት አስገብታለች፤ ምን እንደሚል አላውቅም፤ ሳትጠይቀኝ ስላሸገችው ስለ እኔ ይመስለኛል። የእናትሽን ጽሑፍ እንደ ማስረጃ እንዳትወስጂው፤ ሙያዋ የሒሳብ መምህርነት ስለሆነ ማጋነኑንም በቁጥር ነው የምታደርገው።

ስለ ጤናዬ ላልሽው፣ እዚህ አየሩ ጥሩ ነው።

መርማሪው፦ አጎትሽ


ኅዳር 30

ለጋሼ፣

የአየሩ ጤና ስላሳሰበኝ አልነበረም የጠየቅሁዎት።

የእናቴ ወረቀት አራት መስመር ነው። ልቅዳልዎት፦ «ወንድሜ በአንድ ዓመት አሥራ አንድ ኪሎ ቀንሷል። ቀበቶው ላይ በሚስማር ሦስት ቀዳዳ በስቷል። ሽንት ቤቱን ቢሮ አድርጎታል፤ ጋዜጣም መነጽርም እዚያው ነው የሚያኖረው። ምን ሆነሃል ስለው ‹እርጅና ነው› ይላል፤ የምበልጠው እኔ ነኝ፣ ወዴት ነው የሚቀድመኝ?»

ከዚያ ቁጭ ብዬ ደብዳቤዎችዎን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብኩ። የዛሬ ሦስት ዓመት እያንዳንዱ የሚያልቀው «እኔ ደህና ነኝ» በሚል ነው። አንድ ጊዜ እንኳ አልረሱትም። ካቻምና ከነሐሴ ወዲህ ግን አንድም ቦታ የለም። አየሩ ደህና ነው፣ እናቴ ደህና ናት፣ ማይክሮስኮፑ ደህና ነው። አንድ ጊዜ የበሩ መቆለፊያ ደህና ነው ብለው ጽፈዋል።

እርስዎ ያላዩትን አይጽፉም። እንግዲህ ያዩት ነገር አለ ማለት ነው።

መብራት ሁለት ቀን ከጠፋ ማሞቂያው ይበርዳል። ማሞቂያው ከበረደ ብልቃጥ ሰባት ይሞታል፤ ይህን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ታዲያ ከዚያ በኋላ በመስከረሙ ሳጥን የደረሰኝ ሕያው አሜባ ከየት መጣ?

አሁን ሁለት ነገር ብቻ ይመልሱልኝ። የማን ሆድ ነው? ያ ሰውስ መድኃኒት ወስዷል?

ጋሼ፣ ቶሎ ይጻፉልኝ።

የእህትዎ ልጅ


ታኅሣሥ 16

ለእህቴ ልጅ፣

ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ቆመሽ ከሆነ ወንበር ፈልጊ፤ እጠብቃለሁ።

ሆድ ይፍጀው ብዬ ትቼው ነበር፤ ሆዴም የታዘዘውን እየፈጸመ ነው።

ካቻምና ሐምሌ መብራቱ ሲመለስ ማሞቂያውን ከፈትኩ። ብልቃጥ ሰባት ሞቷል። ልጆቹም፣ የልጅ ልጆቹም። አንቺ በዚያው ሳምንት «ጋሼ፣ አሁን ስዕሉ ሊወጣ ትንሽ ነው የቀረው፤ አደራ እንዳይቋረጥብኝ» ብለሽ ጽፈሽልኛል። ምን ብዬ ልመልስልሽ? ሌላ እፈልጋለሁ አልኩ። ሦስት ሳምንት የመጣውን ሰገራ ሁሉ መረመርኩ። ያገኘሁት ወይ ባዶውን፣ ወይ ያንን ጉዳት የሌለውን የአሜባችንን መንታ፤ መልኩ አንድ ዓይነት ነው፣ ሥራ ግን አይወድም።

አዲስ ተለማማጅ ሲመጣ ሁለት ስላይድ አዘጋጅቼ እንደማስተምር ታውቂያለሽ። አንደኛው የሕመምተኛ ነው፤ «የታመመ ይህን ይመስላል» እላለሁ። ሁለተኛው ለማነጻጸሪያ ነው፤ «ንጹሕ ይህን ይመስላል» እላለሁ። ንጹሑ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ የራሴ ነው። የሰው ንጹሕ ፍለጋ ከመዞር የራስ ይቀላል፤ ደግሞም፣ አልደብቅሽም፣ እኮራበት ነበር።

በነሐሴ መጀመሪያ አንዲት ተለማማጅ ሁለተኛውን ስላይድ ስታይ ቆየችና «ይቅርታ ጋሼ፣ ንጹሑ እኮ ይሄዳል» አለችኝ።

«ብርሃኑ ነው» አልኳት። በአፌ የዋሸሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ በእጄ ግን አልጻፍኩትም። ስትወጣ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሄደ። ዞሮ መጣ። ሆዱ ውስጥ ሁለት ቀይ የደም ሕዋስ ውጦ ይዟል፤ መንታው ይህን አያደርግም፣ ይህን የሚያደርገው አደገኛው ነው። ደሙ የማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም።

ሰው በዚህ ጊዜ ይደነግጣል። እኔ፣ እግዜር ይይልኝ፣ ደስ አለኝ። «ተገኘ!» ብዬ ጮህኩ። ሳሙና ከወዲያኛው ክፍል «ምኑ?» አለች። «እርሳሴ» አልኩ። እንግዲህ በአፌ የዋሸሁት ሁለት ጊዜ ነው፤ እርማት ይያዝልኝ።

መድኃኒቱን ለምን አልወሰድኩም ትያለሽ። ብወስድ ምንጩ ይደርቃላ! ብልቃጥ ይሞታል፤ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ሞቶ ሁለት ጊዜ ከራሴ አስነስቼዋለሁ። እኔ ማሞቂያ ነኝ፤ መብራት ቢጠፋም አልበርድም። አንቺ ስዕልሽን እስክትጨርሺ ልታገሥ አልኩ። አሥራ ሰባት ወር ሆነ። አልፎ አልፎ ሆድ ከመቁረጥና ከመሮጥ በቀር ያን ያህል አይደለም። ደም የማየው በሳምንት አንዴ ነው፤ ይህን የምጽፈው ስላየሁት ነው።

የፊርማውን ፎርም ላኪልኝ፤ ባለቤቱ ከተማ አልለቀቀም።

መርማሪውም ተመርማሪውም፦ አጎትሽ


ጥር 1

አንተ ሰውዬ!

ምን ነካህ? ሠላሳ ስምንት ዓመት ሌላውን «ዛሬውኑ ሐኪም ይየው» እያልክ ስትልክ የኖርክ ሰው፣ በገዛ ሆድህ አሜባ ታረባለህ? ያ ነገር የአንጀት ግድግዳ በስቶ ጉበት እንደሚገባ ለእኔ ያስተማርከኝ ማነው? ጉበት ላይ መግል ሲቋጥር በስዕል ያሳየኸኝ ማነው? አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ለሳምንት እራት አልበላሁም!

...

ተነሥቼ ውኃ ጠጣሁ። አሁን ከ«ለጋሼ» ልጀምር።

ለጋሼ፣

ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከላይ ያለውን ገጽ ልቀደው ነበር፤ ግን እርስዎ ያዩትን ስለጻፉልኝ እኔም የሆንኩትን ልላክልዎት።

አሁን ደግሞ የእኔ ተራ ነው። ቆመው ከሆነ ወንበር ይፈልጉ።

እዚህ በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ የቀዘቀዘ አርባ ብልቃጥ አሜባ አለን። ሁሉም የእርስዎ ነው፤ አምና በመስከረሙ ሳጥን ከመጣው ያስቀመጥነው። ሃምሳ ዓመት ይቆያል። ስዕሉም የተሠራው ከእሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ከላኩልኝ አንዱንም አልተጠቀምንበትም።

ለምን አልነገርሽኝም ይላሉ። እናቴ ያኔ «ጡረታው እያሟሟው ነው፤ ያቺ ሳጥን ባትኖር ከአልጋ አይነሳም» ብላ ጻፈችልኝ። እኔም «ትኩስ ይሻላል» እያልኩ ማዘዜን ቀጠልኩ። በየወሩ ሳጥኑ ሲመጣ ደብዳቤውን አወጣለሁ፤ ብልቃጦቹን በሥርዓቱ አስወግዳለሁ። ለእርስዎ ብዬ ነው አልልም። ደብዳቤውን እፈልገው ነበር።

እንግዲህ ይኸው ነው ጋሼ። እኔ እርስዎን ላለማስከፋት ብልቃጥ አዝዛለሁ፤ እርስዎ እኔን ላለማሳፈር ብልቃጥ ይሆናሉ። አለቃዬ ነገሩን ስነግራት ወንበሯን ይዛ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፦ «ቤተሰባችሁ ሁሉ እንደዚህ ነው?»

ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ጉበትዎን በአልትራሳውንድ ይታዩ። የታዘዘልዎትን ይዋጡ። አንድ የሚያስፈራኝ ነገር ግን አለ፤ አልደብቅዎትም። ከመድኃኒቱ መቀመጫ አጠገብ የተለወጠች ፊደል አለች ብዬዎት ነበር። ስዕሌ «ፊደሏ ብትለወጥም መድኃኒቱ ቦታው አይጠበውም» ይላል። አለቃዬ ይጠበዋል ብላ ትከራከራለች። አሜባው ብልቃጥ ውስጥ ሞቶልኛል፤ ሆድ ግን ብልቃጥ አይደለም። እስከ ዛሬ ትክክል ነኝ ብዬ የምከራከረው ስለ ጽሑፌ ብቻ ነበር።

ፎርሙን በዚህ ፖስታ ልኬያለሁ።

የእህትዎ ልጅ


ጥር 19

ለእህቴ ልጅ፣

የመጀመሪያውን ገጽ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሥልሳ ሦስት ዓመቴ «አንተ ሰውዬ» ያለኝ እናትሽ ብቻ ነበረች፤ በቤተሰብ የሚወረስ መሆኑን አላውቅም ነበር። ይገባኛል። ፋይሌ ውስጥ አኑሬዋለሁ።

ስለ አርባዎቹ ብልቃጦች ያልሽውን ሳነብ ለተወሰነ ጊዜ መስኮቱን አየሁ። መጋረጃው አሁንም አረንጓዴ ነው። ከዚያ ሳቅሁ፤ ሳቁም የት እንደሚያስሮጠኝ ታውቂያለሽ።

እናትሽ ሰምታለች። የነገራት ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ በእሷ እጅ ተጎትቼ አልትራሳውንድ ክፍል ውስጥ ነው ራሴን ያገኘሁት። ጉበቴ ንጹሕ ነው። ሐኪሙ «እድለኛ ነዎት» አለኝ። እናትሽ «እሱን እቤት እናየዋለን» አለችው።

ሳሙናም ሰምታለች። አልጮኸችም። ከማሞቂያው ውስጥ ብልቃጦቼን አንድ በአንድ አውጥታ አስወገደች፤ ከዚያ «እጅዎን ታጥበዋል?» ከሚለው ወረቀት ሥር በእጅ ጽሑፏ «በተለይ እርስዎ» ብላ ጨመረችበት።

ሐኪሙ ሁለት መድኃኒት አዘዘ። የመጀመሪያው ግድግዳ ውስጥ የገባውን ይገድላል፤ ሁለተኛው ያንቺ ፓሮሞማይሲን ነው። እኔ «ሁለተኛውን ብቻ ስጠኝ፤ አለበለዚያ የማን ሥራ እንደሆነ በምን እንለያለን?» ብዬ ተከራከርኩ። ሐኪሙ ሳሙናን አያት። ሳሙና እናትሽን አየቻት። ሁለቱንም እየወሰድኩ ነው።

ግን ስሚ። የመጀመሪያውን አሥር ቀን ወሰድኩ። አፌ ውስጥ ሳንቲም የያዝኩ ይመስለኝ ነበር። ደሙ ቆመ፤ ሩጫውም ቀነሰ። ሲያልቅ አየሁ፦ የሚሄድ የለም፤ ነገር ግን ቅርፊቱን ለብሶ የተኛው አሁንም አለ። አራት ኒውክለሱን ቆጥሬለታለሁ። እሱን የማስወጣት ሥራ የቀረው ለሁለተኛው ብቻ ነው። እንግዲህ ክርክሩ የአለቃሽና ያንቺ ነው፤ ሜዳው እኔ ነኝ። ትናንት ጀመርኩ።

ፎርሙ ተሞልቷል። «የለጋሹ ሥራ» የሚለው ላይ «መርማሪ» ብያለሁ። «ከተመራማሪዋ ጋር ያለዎት ግንኙነት» የሚለው ላይ «አዝያታለሁ» ብያለሁ። «ናሙናው የተሰጠው በፈቃደኝነት ነው?» የሚለው ላይ «አንዳንዴ ሳላስበውም» ብዬ ነበር፤ ሳሙና አስጠፋችኝና «አዎ» ይበሉ አለች። «ውጤቱ እንዲነገርዎት ይፈልጋሉ?» የሚለውን ባዶ ትቼዋለሁ። ከእኔ በፊት ማን ሊሰማው?

የሚላክ ነገር ስለሌለ በሚቀጥለው ወር ሳጥን አልክም።

መርማሪው፦ አጎትሽ


የካቲት 3

ለጋሼ፣

ፎርሙን የሥነ ምግባር ኮሚቴው ተቀብሎታል። አንድ አባል ብቻ «አዝያታለሁ» የሚለው ሳይንሳዊ ነው ወይ ብለው ጠየቁ። አለቃዬ «በሰነድ የተረጋገጠ ነው» አለቻቸው። በግንቦት አቀርባለሁ።

በጽሑፉ ውስጥ ስምዎ አይወጣም፤ ሕጉ አይፈቅድም። ያለው እንዲህ የሚል ነው፦ «ናሙናው የተገኘው ረጅም የሙያ ልምድ ካለው ጎልማሳ ወንድ ነው።» ጎልማሳ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አልተቃወመም።

አሁን ሁለተኛውን ጨርሰው የሚጠብቁበት ጊዜ ነው። እኔም እጠብቃለሁ። በየቀኑ ስዕሉን ኮምፒውተሩ ላይ እከፍትና መድኃኒቱ የሚቀመጥባትን ቦታ አጎላታለሁ። አንዳንድ ቀን ሰፊ ትመስለኛለች፤ አንዳንድ ቀን መርፌ የማታስገባ። እያንዳንዷን አቶም አውቃታለሁ፤ የእርስዎ ሆድ ውስጥ ምን እየሆነ እንዳለ ግን አላውቅም።

ምርመራውን እባክዎ ራስዎ አያድርጉት። እርስዎ ለእኔ ብለው ምን ሊያዩ እንደሚችሉ አውቃለሁ።

ሳጥኑን አልልክም ያሉትን አልተቀበልኩም። ይላኩ። ባዶውን ይላኩ። ደብዳቤው ይበቃል።

የእህትዎ ልጅ


የካቲት 29

ለእህቴ ልጅ፣

ሳጥኑን ስትከፍቺ ቀሎሽ ተደንቀሽ ይሆናል። ከደብዳቤው በቀር ምንም የለበትም። ፖስታ ቤት ያለው ሰውዬ እንደ ልማዱ «የሚፈስ፣ የሚሰበር፣ ሕይወት ያለው ነገር አለ?» አለኝ። «ከእንግዲህ የለም» አልኩት፤ አዝኖልኝ ማኅተሙን ቀስ አድርጎ መታ።

እንዳልሽው ራሴ አላየሁም። በሦስት የተለያየ ቀን ሦስት ናሙና ለሳሙና አስረከብኩ። እንደ ማንኛውም ሰው ወረፋ ያዝኩ፤ በመስኮቱ በኩል ሰጠሁ። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው እዚያ ወንበር ላይ ለምን እንደዚያ እግሩን እንደሚያወዛውዝ አይገባኝም ነበር። እናትሽ አጠገቤ ነበረች፤ እግሬን በእጇ ያዘችው።

የመጀመሪያው ቀን ሳሙና ወጥታ «አልታየም» አለች። ሁለተኛውም ቀን «አልታየም» አለች። በሦስተኛው ቀን ዘገየች። በመስታወቱ አየኋት፤ ስላይዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደችበት፣ ተመለሰች፣ መነጽሯን ጠርጋ እንደገና ጀመረች። በመጨረሻ በሩን ከፍታ «ይግቡ» አለችኝ። «ሕጉ አይፈቅድም» አልኳት። «ውጤቱን ጽፌ ፈርሜያለሁ፤ አሁን የሚያዩት ለራስዎ ነው» አለች።

አሮጌው ማይክሮስኮፕ ላይ አደረገችልኝ፤ ያ በክር የታሰረው። ጎንበስ አልኩ። ሃያ ደቂቃ ፈለግሁ። የሩዝ ዱቄት የለም፣ የሚሄድ የለም፣ የተኛ የለም። ትንሽ ብቸኝነት ተሰማኝ ብል እንዳትስቂብኝ፤ አሥራ ዘጠኝ ወር አብሮ መኖር ቀላል አይደለም። ቀና ስል ግድግዳው ላይ ያለው ስዕልሽ ፊቴ ነው። ያቺን ቦታ በእርሳስ ከብቤባት ነበር። ሰፊ ናት፤ ለአለቃሽ ንገሪልኝ።

ሳሙና ተለማማጆቹን ጠርታ ስላይዱን አሳየቻቸው። ያቺ «ንጹሑ ይሄዳል» ያለችኝም ነበረች፤ አሁን ተቀጥራለች። ለረጅም ጊዜ አየችና «አይሄድም» አለች። «ንጹሕ ይህን ይመስላል» አልኳቸው። ድምፄ ትንሽ ተቆራረጠ፤ ብርሃኑ ነው።

ከነገ ጀምሮ ያስተምሩ ተብያለሁ፤ በሳምንት ሦስት ቀን፣ እጄን ታጥቤ። ለማነጻጸሪያ ግን የሌላ ሰው እንድጠቀም ተነግሮኛል።

ስለ ጤናዬ የጠየቅሽውን፣ ዛሬ አይቼው ስለሆነ እጽፈዋለሁ።

እኔ ደህና ነኝ።

መርማሪው፦ ውድ አጎትሽ